የብናኙ ቁጥር የሚታመነው ፓምፑ ሲታመን ነው

በዛሬው የሥራ ላይ ጤንነት ዝግጅታችን በዱቄት ፋብሪካ፣ በሲሚንቶ ፋብሪካ፣ በእንጨት ሥራ ቤት፣ በቡና ማበጠሪያና በጥጥ መዳመጫ ውስጥ ውለው ስለሚያድሩ ወገኖቻችን እንነጋገራለን። የሚተነፍሱት አየር ምን ያህል ብናኝ እንደያዘ ለማወቅ ወገባቸው ላይ የምትታሰር አንዲት ትንሽ መሣሪያ አለች፤ የአየር ናሙና መሳቢያ ፓምፕ ትባላለች። ነገራችን ሁሉ የሚያጠነጥነው በእሷ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለሙያ ይመጣል፤ ጠዋት ፓምፑን ለሠራተኛው ያስታጥቀዋል፤ ማታ ይሰበስባል። ከጊዜ በኋላ ሪፖርት ይደርሳል። ሪፖርቱ ላይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ይህን ያህል ሚሊ ግራም ብናኝ ተገኘ የሚል አንድ ቁጥር ተጽፏል። በዚያ ቁጥር የተነሣ ባለ ፋብሪካው ብናኝ መሳቢያ ያስገጥማል፣ ወይም አያስገጥምም። ሠራተኛው ወደ ሐኪም ይላካል፣ ወይም ደህና ነህ ተብሎ ወደ ማሽኑ ይመለሳል።

ያ ቁጥር የሚገኘው አንዱን ለሌላው በማካፈል ነው። የሚካፈለው ማጣሪያው ላይ የተያዘው ብናኝ ክብደት ነው፤ የሚካፈልበት ደግሞ በማጣሪያው ውስጥ ያለፈው አየር መጠን ነው። ለክብደቱ ሁሉም ሰው ይጠነቀቅለታል። የግራምን አንድ ሚሊዮንኛ የምትለይ ሚዛን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይቀመጥለታል። አየሩ ግን አይታይም፣ ሚዛን ላይ አይወጣም። ስንት ሊትር እንዳለፈ የምናውቀው ፓምፑ በየደቂቃው ይህን ያህል ይስባል ብለን ስላመንን ነው። ያንን እምነት በማስረጃ የሚተካው ሥራ ካሊብሬሽን ይባላል። እኔ በበኩሌ ከጠቅላላው የብናኝ ልኬት ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚናቀው፣ ከሁሉ በላይም መከበር የሚገባው ይህ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ፓምፑ ከመግባታችን በፊት ግን የምንለካው ብናኝ የትኛው እንደሆነ እንለይ። ብናኝ ሁሉ አንድ አይደለም። መጠኑን የምንናገረው በማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። በአፍንጫም ሆነ በአፍ በኩል ወደ ሰውነት መግባት የሚችለው ብናኝ በጠቅላላ ወደ ውስጥ የሚተነፈስ ብናኝ ይባላል። እስከ 100 ማይክሮን፣ ማለትም እስከ አንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የሚደርሰውን ትልቁን ቅንጣት ሁሉ ይጨምራል። ከዚህ ውስጥ ከጉሮሮ አልፎ ወደ ደረት የሚወርደው አነስ ያለው ነው፤ ለእሱ የተቀመጠው ማዕከላዊ ልክ 10 ማይክሮን ነው። ከእሱም ውስጥ እስከ ሳንባ ጥልቅ ከረጢቶች የሚደርሰው ደቃቁ ሲሆን፣ ማዕከላዊ ልኩ 4 ማይክሮን ነው። እነዚህን ሦስት ክፍሎች የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 አይኤስኦ 7708 በተባለው ደረጃ ደንግጓቸዋል።

አንዳንድ ሰው ትልቁ ብናኝ አፍንጫ ውስጥ ስለሚቀር ጉዳት የለውም ይላል። ይህ ስህተት ነው። የእንጨት ብናኝ የአፍንጫ ካንሰር የሚያመጣው እዚያው አፍንጫ ውስጥ ስለሚቀር ነው። ከአሮጌ ባትሪ የሚነሣ የእርሳስ ብናኝ ጉሮሮ ላይ ቢቀር እንኳ ከምራቅ ጋር ተውጦ በአንጀት በኩል ወደ ደም ይገባል። የዱቄት ብናኝ በዳቦ ጋጋሪዎችና በወፍጮ ቤት ሠራተኞች ላይ አስም ያስነሣል። የጥጥ ብናኝ ደግሞ ሠራተኛው ከዕረፍት ቀን በኋላ ሥራ በጀመረበት ቀን ደረቱን ጭንቅ የሚያደርግ በሽታ አለው። ደቃቁ ብናኝ በተለይ ከድንጋይ መፍጫ የሚወጣው የሲሊካ ብናኝ ሳንባን አጠንክሮ ሲሊኮሲስ ያመጣል፤ ለእሱ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ለየበሽታው የሚስማማ የብናኝ ክፍል አለ፤ ለየክፍሉም የተለየ ናሙና መያዣ አለ።

መሣሪያውን አሁን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ አለ። ከፓምፑ ቀጭን ቱቦ በጀርባ በኩል ወጥቶ በትከሻ ላይ ይዞርና ኮሌታ አጠገብ ይደርሳል። ቱቦው ጫፍ ላይ ናሙና መያዣው አለ፤ በውስጡ ክብ ማጣሪያ ተቀምጧል። መያዣው ከአፍንጫና ከአፍ በ30 ሴንቲ ሜትር ክልል ውስጥ መሆን አለበት፤ ሠራተኛው የሚተነፍሰው አየር ያ ስለሆነ ነው።

መሣሪያውን ሰው ላይ ማሰር ያስፈለገበት ምክንያት አለው። በእንግሊዝ አገር ሃርዌል በሚገኘው የአቶሚክ ምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ሸርውድና ግሪንሃልግ የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1960 በሠራተኛው አካል ላይ የሚንጠለጠል የአየር ናሙና መሳቢያ መሥራታቸውን ጽፈው አወጡ። ከዚያ በፊት የተለመደው በክፍሉ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚስብ መሣሪያ ነበር። ሰው ላይ የታሰረው ሲለካ ግን ሠራተኛው የሚተነፍሰው፣ ግድግዳ አጠገብ የቆመው መሣሪያ ከሚናገረው በላይ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ብናኙን የሚያስነሣው ሠራተኛው ራሱ በእጁ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው፤ ፊቱም እዚያው ነው።

ወደ ውስጥ ለሚተነፈሰው ብናኝ ዛሬ በብዛት ከሚሠራባቸው መያዣዎች አንዱ በስኮትላንድ ኤድንብራ የሚገኘው የሥራ ሕክምና ኢንስቲትዩት የፈለሰፈው ነው። ማርክና ቪንሰንት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ይፋ አደረጉት። ፊቱ ላይ 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ አለው፤ በደቂቃ 2 ሊትር አየር ሲሳብበት የሰው አፍንጫና አፍ የሚወስዱትን ያህል የብናኝ ዓይነት እንዲወስድ ተደርጎ የተሠራ ነው። ብናኝ ውስጠኛ ግድግዳው ላይ ቢለጠፍ እንኳ እንዳይጠፋ ማጣሪያውና የሚቀመጥበት ካሴት አንድ ላይ ይመዘናሉ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ጥበብ የተመሠረተው በደቂቃ 2 ሊትር በሚለው ላይ ነው።

እንግዲህ ያ 2 ሊትር እንዴት ይጠፋል? ብዙ መንገድ አለው። ባትሪው ያረጃል። በፓምፑ ውስጥ የሚርገበገበው ስስ ጎማ ይላላል፤ መክፈቻና መዝጊያው ላይ ብናኝ ይገባል። ማጣሪያው ብናኝ በያዘ ቁጥር ይደፈንና አየር ለማሳለፍ ይከብዳል። ሠራተኛው ጆንያ ሲያነሣ ቱቦው ብብቱ ሥር ይታጠፋል። መገጣጠሚያው በደንብ ካልገባ ፓምፑ የሚስበው በማጣሪያው በኩል ያለውን አየር ሳይሆን በስንጥቁ የሚገባውን ይሆናል። የዛሬ ፓምፖች ማጣሪያው ሲከብድ ራሳቸው ጉልበት ጨምረው ፍሰቱን ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ሰሌዳቸው ላይም ቁጥር ያሳያሉ። ያ ቁጥር ግን ፓምፑ ስለ ራሱ የሚናገረው ነው። ሌላ ምስክር እስኪቀርብ ድረስ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ እርሳስ ያላችሁ ጻፉ። አንድ የዱቄት ፋብሪካ ሠራተኛ ስምንት ሰዓት፣ ማለትም 480 ደቂቃ፣ ፓምፑን ታጥቆ ዋለ እንበል። ፓምፑ በደቂቃ 2 ሊትር ይስባል ተብሎ ተጽፏል። 480 በ2 ሲባዛ 960 ሊትር ነው፤ ይህም 0.96 ሜትር ኩብ። ማጣሪያው ሲመዘን 9 ሚሊ ግራም ብናኝ ተገኘበት። 9 ለ0.96 ሲካፈል 9.4 ሚሊ ግራም በሜትር ኩብ ይመጣል። በብሪታንያ ሕግ በስምንት ሰዓት አማካይ ወደ ውስጥ የሚተነፈስ ብናኝ 10 ሚሊ ግራም በሜትር ኩብ ከደረሰ፣ ምንም ዓይነት ብናኝ ይሁን፣ ለጤና አደገኛ ነገር ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ 9.4 ከወሰን በታች ነው፤ ፋብሪካው ተረፈ ይባላል።

ፓምፑ ግን ደክሞ ኖሮ በእርግጥ የሳበው በደቂቃ 1.6 ሊትር ቢሆንስ? 480 በ1.6 ሲባዛ 768 ሊትር ነው። ያው 9 ሚሊ ግራም ለ0.768 ሜትር ኩብ ሲካፈል 11.7 ይሆናል። ከወሰኑ አልፏል ማለት ነው። ብናኙ አልተለወጠም፣ ሰውየው አልተለወጠም፣ ሚዛኑም ትክክል ነበር። የተለወጠው ማንም ያልመረመረው የአየር ፍሰት ብቻ ነው። በዚህ ሠራተኛ ሳንባ ላይ የተፈረደው በተሳሳተ ቁጥር ነው።

ፓምፑን የምንመረምርበት በጣም ቀላሉና በጣም የሚታመነው መንገድ የሳሙና አረፋ ነው። ይህን ስናገር የሚገረም አድማጭ እንዳለ አውቃለሁ፤ እውነት ግን እንዲህ ነው። ምልክት የተሰመረበት ረዥም የመስታወት ቱቦ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከታች የሳሙና ውኃ አለ፤ ከላይ ከናሙና መያዣው ጋር ይገናኛል፤ ከናሙና መያዣው ወዲያ ፓምፑ አለ። ፓምፑ ሲስብ ከታች የተነሣው ስስ የሳሙና ንጣፍ በመስታወቱ ውስጥ ወደ ላይ ይጓዛል። ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው ምልክት ያለው ይዘት በትክክል ይታወቃል፤ አንድ ሊትር ነው እንበል። ንጣፉ ከአንዱ ምልክት ተነሥቶ ሌላውን እስኪነካ ያለውን ጊዜ በሰዓት እንይዛለን። 30 ሰከንድ ከፈጀ ፓምፑ በደቂቃ 2 ሊትር እየሳበ ነው። 33 ሰከንድ ከፈጀ በደቂቃ 1.82 ሊትር ብቻ ነው፤ 9 በመቶ ጎድሏል። በቃ። ይዘትና ጊዜ፤ ሌላ የሚያምታታ ነገር የለበትም። ስለዚህ ነው የሳሙና አረፋ መለኪያ ከቀዳሚዎቹ መለኪያዎች ጋር የሚመደበው።

ሥራው ቀላል ቢሆንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመስታወቱ ውስጠኛ ግድግዳ አስቀድሞ በሳሙና ውኃ ካልራሰ አረፋው መንገድ ላይ ይፈነዳል። ፓምፑ ከመለካቱ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ መሞቅ አለበት። ንጣፉ ምልክቱን ሲያልፍ ዓይናችን ከምልክቱ እኩል ካልሆነ የጊዜው ንባብ ይዛነፋል። አንድ ጊዜ ለክቶ መተው አይቻልም፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል፤ ሦስቱ ንባቦች ከተራራቁ ደግሞ አንድ ቦታ አየር እየገባ ነውና መገጣጠሚያዎቹ ይፈተሹ። ከሁሉ በላይ ግን ፓምፑ ባዶውን አይለካ። ቱቦው፣ መያዣውና ማጣሪያው ሁሉ ተገጥመውለት፣ በሥራ ላይ የሚገጥመውን ሸክም ተሸክሞ ይለካ። ባዶውን 2 ሊትር የሳበ ፓምፕ ማጣሪያ ሲገጠምለት ያንኑ ይስባል ብሎ መገመት አይቻልም። ለካሊብሬሽን የተጠቀምንበት ማጣሪያም ለናሙናው አይውል፤ ዓይነቱ አንድ የሆነ ሌላ ማጣሪያ ይሁን።

ዛሬ ይህን ሥራ በኤሌክትሮኒክስ የሚያከናውኑ መሣሪያዎች አሉ። በውስጣቸው በሳሙና ንጣፉ ፋንታ ቀላል ፒስተን ይመላለሳል፤ ጊዜውን በብርሃን ይይዛሉ። ፈጣኖች ናቸው፣ ፋብሪካ ውስጥ ይዞ ለመግባትም ይመቻሉ። ነገር ግን መለኪያው ራሱ መለካት አለበት። አምራቹ በሚያዘው ጊዜ፣ በአብዛኛው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዕውቅና ወዳለው ቤተ ሙከራ ሄዶ የምስክር ወረቀቱን ያድስ። ከቤተ ሙከራው በላይ ደግሞ የአገር የልኬት ደረጃ ያዥ አለ፤ በእኛም አገር የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት አለን። አንድ ቁጥር እስከ ላይኛው ደረጃ ድረስ የዘር ሐረጉ ሊቆጠር ይገባዋል።

ሦስተኛው ዓይነት መለኪያ ሮታሜትር የሚባለው ነው። ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ግልጽ ቱቦ ነው፤ በውስጡ ትንሽ ኳስ አለች፤ አየር ሲያልፍ ኳሷ ከፍ ትላለች፤ የቆመችበት መስመር የፍሰቱን መጠን ይናገራል። ርካሽ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ በሥራ መሃል ለቅኝት ይጠቅማል። ለእኛ አገር ሰው ግን አንድ ትልቅ ወጥመድ አለበት፤ እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳ።

ኳሷን ከፍ የሚያደርጋት የአየሩ ግፊያ ነው። አየሩ ስስ ከሆነ ያንኑ ከፍታ ለመድረስ የበለጠ አየር ማለፍ አለበት። ሮታሜትሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ መስመሩ የተሰመረለት በባሕር ወለል ላይ ባለው ወፍራም አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በስሌቱ መሠረት እርማቱ የሁለቱ ግፊቶች ንጽጽር ካሬ ሥር ስለሆነ፣ ኳሷ 2 ላይ ስትቆም አዲስ አበባ ውስጥ የሚያልፈው አየር በእርግጥ 2.3 ሊትር አካባቢ ነው። 15 በመቶ ልዩነት አለ ማለት ነው። ድሬዳዋ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ልዩነቱ እዚያ ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። አንድ ባለሙያ ሮታሜትሩን አምኖ አዲስ አበባ ላይ 2 ሊትር ብሎ ቢጽፍ ያለፈውን አየር አሳንሶ ጽፏልና ብናኙን ከእውነቱ አብልጦ ያወጣል። በዚህ ጊዜ የሚበደለው ባለ ፋብሪካው ነው። ቅድም ፓምፑ ሲደክም የተበደለው ሠራተኛው ነበር።

የአዲሶቹም መሣሪያዎች የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። አንዳንዶቹ የሚያሳዩት አሁን በዚህ ቦታ የሚያልፈውን ሊትር ሳይሆን፣ ያ አየር በባሕር ወለል ግፊት ቢሆን ኖሮ የሚኖረውን ሊትር ነው። መሣሪያው እንዲህ ተደርጎ ከተስተካከለ፣ አዲስ አበባ ላይ 2 ሲል ፓምፑ በእርግጥ 2.6 ሊትር አካባቢ እየሳበ ነው። ናሙና መያዣው የሚያውቀው ግን በቀዳዳው የሚገባውን እውነተኛ ሊትር ነው። ስለዚህ ባለሙያ የሆናችሁ አድማጮች፣ የመሣሪያችሁ ሰሌዳ የትኛውን ሊትር እንደሚናገር መመሪያው ላይ አንብቡ። የሳሙና አረፋው ግን በየትኛውም ከፍታ የቦታውን እውነተኛ ሊትር ይናገራል። በጣም የምወደውም በዚህ ነው። ከዚህ የሚወጣው የሥራ ደንብ አንድ ነው፤ ፓምፑ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ተለክቶ ቆላ ፋብሪካ ላይ አይሥራ። ናሙናው በሚወሰድበት ቦታ፣ በዚያው ሙቀትና ግፊት ይለካ።

ደቃቁን ብናኝ ለብቻው ለመያዝ ሳይክሎን የሚባል ናሙና መያዣ አለ፤ በዚህ ላይ የፍሰት ስህተት ሌላ መዘዝ ያመጣል። ሳይክሎኑ አየሩን በውስጡ ያሽከረክረዋል፤ ከባዱ ብናኝ ወደ ግድግዳው ተወርውሮ ታች ይወድቃል፤ ደቃቁ ከአየሩ ጋር ወደ ማጣሪያው ያልፋል። ገበሬ አውድማ ላይ በመንሽ ሲያነሣ የነፋሱ ጉልበት ምን ከምን እንደሚለይ ይወስናል፤ ነፋሱ ሲበረታ ከገለባው ጋር ቀጫጭን ፍሬም ይሄድበታል። በሳይክሎንም የሚለየውን መጠን የሚወስነው የአየሩ ፍጥነት ነው። ፍሰቱ ከታዘዘው በላይ ሲሆን ማለፍ የነበረበት ደቃቅ ብናኝ ጭምር ተወርውሮ ይወድቃል፤ ከታዘዘው ሲያንስ ማለፍ ያልነበረበት ትልቁ ያልፋል። ለዚህ ነው ለየሳይክሎኑ የተለየ ፍሰት የታዘዘው፤ 10 ሚሊ ሜትር ለሆነው የናይለን ሳይክሎን በደቂቃ 1.7 ሊትር፣ ሂጊንስ ዴዌል ለሚባለው 2.2 ሊትር ነው። እዚህ ላይ የፍሰት ስህተት ኋላ በሒሳብ አይታረምም። የአየሩን መጠን አርመን ብናካፍል እንኳ ማጣሪያው ላይ ያለው ብናኝ የፈለግነው ብናኝ አይደለም። ናሙናው ይጣላል፤ ሌላ ቀን እንደገና ይወሰዳል።

ናሙናው ተወስዶ ካበቃ በኋላ ብዙ ሰው ፓምፑን አጥፍቶ ወደ ሻንጣው ይከታል። ሥራው ግን ገና አላለቀም። ማታም እንደ ጠዋቱ ፍሰቱ ይለካል፤ ከመለካቱ በፊት ፓምፑ ላይ ምንም ነገር አይነካ፣ አይስተካከል፣ ባትሪውም አይሞላ። እንደደከመ ወይም እንደጠነከረ እንዳለ ይለካ። የጠዋቱና የማታው ከ5 በመቶ በላይ ካልተለያዩ አማካያቸው ይወሰዳል፤ ከዚያ በላይ ከተለያዩ ናሙናው ዋጋ አጥቷል። ይህን ጊዜ ድካሙን አስቦ ቁጥሩን ማለሳለስ የሚፈታተን ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። መኪና ተከራይቶ፣ ፋብሪካውን አስፈቅዶ፣ ሠራተኛውን አድክሞ የተወሰደ ናሙና መጣል ያማል። ቢያምም ይጣል። በዚያ ቁጥር የሚፈረደው በሰው ትንፋሽ ላይ ነው።

በክብደቱ በኩል ብዙ ባልቆይም ሁለት ነገር ልጥቀስ። አንዳንድ ማጣሪያ እርጥበት ይጠጣል፤ ክረምት ላይ ብናኝ ሳይዝም ክብደቱ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ከመመዘኑ በፊት በሚዛኑ ክፍል ውስጥ አድሮ አየሩን ይልመድ፤ ከናሙናዎቹም ጋር ፋብሪካ ድረስ ሄደው፣ አየር ሳይሳብባቸው የተመለሱ ባዶ ማጣሪያዎች አብረው ይመዘኑ። ባዶዎቹ ክብደት ጨምረው ከተገኙ፣ ያ ጭማሪ ብናኝ አይደለምና ከናሙናዎቹ ላይ ይቀነሳል።

ብናኝን ሳይመዝኑ በብርሃን የሚለኩ በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎችም በየቦታው እየበዙ ነው። ቁጥሩን ወዲያው ስለሚያሳዩ የትኛው ማሽን ብናኝ እንደሚያፈልቅ ለመለየት ግሩም ናቸው። ሆኖም እነሱ የሚያዩት ቅንጣቶቹ የበተኑትን ብርሃን ነው። ብዙዎቹ ከፋብሪካቸው ሲወጡ የተስተካከሉት የአሪዞና መንገድ አቧራ በመባል በሚታወቅ የመፈተኛ አቧራ ነው። የስንዴ ዱቄት፣ የቡና ገለባና የጥጥ ብናኝ ብርሃንን እንደ አሪዞና አቧራ አይበትኑም። ስለዚህ በእኛ ፋብሪካ የሚታመኑት፣ ከጎናቸው በማጣሪያ የሚሠራ ፓምፕ ቆሞ፣ የሁለቱ ንባብ ተነጻጽሮ እርማት ሲወጣላቸው ነው። ለከተማ አየር በየቤቱ ጣሪያ ላይ የሚሰቀሉት ርካሽ መለኪያዎችም ነገራቸው ይኸው ነው። ደቃቅ ብናኝን የሚለኩት ትልልቆቹ የከተማ ጣቢያዎች በአብዛኛው በደቂቃ 16.7 ሊትር፣ ማለትም በሰዓት አንድ ሜትር ኩብ አየር ይስባሉ፤ እነሱም ፍሰታቸው በየጊዜው ካልተመረመረ ከወገብ ላይ ፓምፕ የተለየ ዕድል የላቸውም።

በአገራችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በቡና ፋብሪካዎች ሠራተኞች ላይ እንዲህ ያለ የብናኝ ልኬት አድርገዋል። ይህ ሥራ ከዩኒቨርሲቲ ጥናት አልፎ የየፋብሪካው ተራ ልማድ መሆን አለበት ባይ ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ብናኙ ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ ከእሱ መጠበቅ አይቻልም።

ፓምፑን የምትታጠቁ ሠራተኞች፣ እናንተም ድርሻ አላችሁ። ቀኑን ሙሉ እንደ ልማዳችሁ ሥሩ፤ ፓምፑን አውልቃችሁ መስኮት ላይ አታስቀምጡት፣ ናሙና መያዣውንም በጃኬት አትሸፍኑት። ቱቦው ከታጠፈ፣ ወይም የፓምፑ ድምፅ ከተለወጠ ወይም ከቆመ ወዲያው ለባለሙያው ንገሩት፤ ሰዓቱንም ያዙ። ማታ ፓምፑ ሲፈታ ባለሙያውን ጠይቁት፦ ጠዋት ስንት ሊትር ነበር? ማታ ስንት ሆነ? በምን ተለካ? የተለካውስ እዚህ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? ሥራውን አክብሮ የሚሠራ ባለሙያ እነዚህ አራት መልሶች ቅጹ ላይ ተጽፈው ይኖሩታል፤ በጥያቄያችሁም አይከፋም።

የፋብሪካ ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች ደግሞ፣ ለልኬት ስትዋዋሉ የጠዋቱና የማታው የፍሰት ንባብ፣ የመለኪያው የምስክር ወረቀት ቅጂና የቦታው ግፊትና ሙቀት ከሪፖርቱ ጋር እንዲቀርብላችሁ ውሉ ላይ አስገቡ። እነዚህ የሌሉበትን ሪፖርት አትቀበሉ፤ ገንዘቡንም አትክፈሉ።